«ማጥበቅ፣ መድፈን፣ መጨመር» ለሚያፈስ ሞተር መድኃኒት አይደለም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት መስመር በሚሠሩ የጭነት መኪና ሹፌሮችና ባለንብረቶች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ናፍታ ሞተር ዘይት የሚያፈሰው በጣርማበር ከፍታ ምክንያት ስለሆነ የሚያመልጥ የለም። መፍትሔው ወፍራም ዘይት መጠቀም፣ ዘይቱ ላይ ትንሽ የፍሬን ዘይት ጠብ ማድረግ፣ የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ገንዳ) ቡሎኖች ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማጥበቅና ዙሪያውን በሲሊኮን መለጠፍ፣ የሚያንጠባጥብ መተንፈሻ ካለም መድፈን ነው። ከፍሪሲዮን ቤት (ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት) ሥር ዘይት ከታየ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) አውርዶ የኋላውን ኦይል ሲል (ዘይት ማገጃ ቀለበት) መለወጥ፤ ጥቂት ጠብታ ከሆነ ደግሞ ዘይት እየጨመሩ መሄድ።

ጸሐፊው የሹፌሩን ኪስ አስበው እንደጻፉ ያስታውቃል። ጠዋት ዘይት ሳይለካ ሞተር አይነሳ ማለታቸውም ልክ ነው። የቀሩት ምክሮች ግን በጥቂት ብር የሚያልቀውን ሥራ ሞተር እስከ ማውረድ ያደርሳሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ መልስ እንሰጥባቸዋለን።

«ጣርማበር ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ዘይቱ ወደ ውጭ ይገፋል»

ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ጋር ሲነጻጸር ላይ 70 በመቶ፣ ታች 86 በመቶ ያህል ነው። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ትክክል አይደለም። የሞተር ሆድ ታሽጎ የተዘጋ ዕቃ አይደለም፤ መተንፈሻ ቱቦ አለው። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ የውስጡ አየር ከውጭው ጋር እየተስተካከለ ይሄዳል። ከፍታው ብቻውን አንዲት ጠብታ የሚያስወጣበት መንገድ የለም።

ዳገት ላይ ማፍሰሱ የሚብሰው በሌላ ምክንያት ነው። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ጭነት የያዘ መኪና በከባድ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ሜዳ ላይ ይዞት የነበረው ጋስኬት ያሳልፈዋል። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) እና ሲሊንደሩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ጭነት ሲበዛ የሚቃጠለው ጋዝ በፒስተኑ ጎን ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፤ መተንፈሻው ከሚያስወጣው በላይ ሲሆን ግፊት ይፈጥራል። አንደኛው የጋስኬት፣ ሁለተኛው የፋሻ ሕመም ነው፤ ሁለቱም ተፈልገው የሚገኙ ናቸው። በተራራው ያመካኘ ሰው ግን ቦታውን አይፈልግም፤ የጽሑፉ ትልቁ ጉዳትም ይኸው ነው።

«40ውን በ50 ቁጥር ቀይሩት፣ ይቆማል»

በ100 ዲግሪ ሙቀት 15 ደብሊው 40 ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) ውፍረት አለው፤ 50 ቁጥር ከ16.3 እስከ 21.9። ስለዚህ ሞተሩ ሲግል በክብደቱ ብቻ የሚወርድ ጠብታ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን አንክድም። ችግሩ ጠዋት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይወርድባታል። «ደብሊው» የሌለው ነጠላ 50 ቁጥር ዘይት በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ተለክቶ የተሰጠ ደረጃ የለውም። በዚያ ጠዋት ሞተሪኖው (የሞተሩ ማስነሻ) ይከብደዋል፤ ዘይቱ ተርቦው (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) እና የቫልቭ መዘውሮቹ ጋ እስኪደርስ ይዘገያል። ወፍራሙ ዘይት በፊልትሮው በቶሎ ስለማያልፍም ማለፊያ ቫልቩ ተከፍቶ ያልተጣራ ዘይት ወደ ብሮንዚናዎቹ (ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ይሄዳል።

ሌላም አለ። የሚያፈሰው ግፊት ያለበት መስመር ከሆነ፣ ማለትም የፊልትሮ ጎማ፣ የዘይት ማቀዝቀዣ ኦ ሪንግ፣ የተርቦ ቱቦ ወይም የዘይት ግፊት ሴንሰር፣ ብርድ ላይ የወፈረ ዘይት በእነዚህ ቦታዎች ግፊቱን ስለሚጨምር ማፍሰሱ ይብስበታል።

«ግማሽ ብርጭቆ የፍሬን ዘይት ጎማውን ያለሰልሳል»

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው። ዶት 3ም ሆነ ዶት 4 የፍሬን ዘይት መሠረቱ ግላይኮል ነው። ከሞተር ዘይት ጋር አይዋሃድም፤ ውሃ ይስባል። ደርቆ የነበረ ጎማ ለጊዜው ያብጣል፣ ጠብታውም ይቀንሳል፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ቆይቶ ያው ጎማ ይልማል፣ ከንፈሩ ይበላል። የፍሬን ዘይት የሚስማማው ለፍሬን ለተሠራ ጎማ ነው፤ የሞተር ኦይል ሲልና ኦ ሪንግ ከሌላ ጎማ የተሠሩ ናቸው። ብሮንዚናውንም ይጎዳል፤ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ብሮንዚና የሚበላው በዚሁ በግላይኮሉ ነው። የፍሬን ዘይት የተጨመረበት ሞተር ቢፈስ ባይፈስ ዘይቱና ፊልትሮው ዛሬውኑ ይቀየር።

በቆርቆሮ የሚሸጠው «ማፍሰስ ማቆሚያ» ከዚህ ይለያል። ለሞተር ዘይት የተሠራ ስለሆነ በዕድሜ የደረቀ ጎማን በጥቂቱ ሊያለሰልስ ይችላል። የተሰነጠቀ ጋስኬት፣ የተበላ ክራንክ ሻፍት፣ የላላ ቡሎን ላይ ግን ምንም አይሠራም፤ ቦታው ሳይታወቅ መግዛት በከንቱ ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ጽሑፉ የዘለለው ሥራ፦ ቦታውን ማግኘት

እስከ መጨረሻው አንብበን አንድም መስመር ያላገኘንለት ጉዳይ ይህ ነው፤ ጥገናው ደግሞ በአብዛኛው እዚህ ላይ ያልቃል። ዘይት ከወጣበት ቦታ አይንጠባጠብም። ወደ ታች ይወርዳል፣ ቬንቲሌተሩና የጉዞው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፉታል፤ በመጨረሻ የሚንጠለጠለው ከኮፓው ጠርዝ ወይም ከፍሪሲዮን ቤት ሥር ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ጠብታው ሳይሆን ከሁሉ በላይና ከሁሉ ወደ ፊት ያለው እርጥብ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ፈሳሹ ምን እንደሆነ ይለይ። ነጭ ካርቶን ከሥሩ አንጥፎ ማሳደር ይበቃል። የሞተር ዘይት ጥቁር ነው። የካምቢዮ ዘይት ወደ ማር ቀለም ያደላል፣ የድኝ ዓይነት የሚከረፋ ሽታም አለው። ናፍታ ካርቶኑ ላይ በቶሎ ተስፋፍቶ ሰፊ ቀጭን ክብ ይሠራል፤ ሽታውም አይደበቅም። መለኪያ ዘንጉ ላይ የዘይቱ ልክ እየጨመረ ከሄደና ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ከናፍታ ፖምፓው ወይም ከኢንጀክተር መስመር ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ ይህ ከማፍሰስ የባሰ ስለሆነ መኪናው ይቁም።

ከዚያ እጥበት። የመንዝን ኮረኮንች የሚመላለስ መኪና ሞተሩ ላይ ዘይትና አቧራ ተጣብቆ እንደ ቆዳ ይጋገራል፤ ከሥሩ ስንጥቅ ቢኖር አይታይም፣ ሙቀትም አያስወጣም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ በጋለ የናፍታ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ፖምፓውን ሊያጣብቀው ይችላል። ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ የአየር ማስገቢያውና የኤሌክትሪክ ሶኬቶች በፌስታል ይሸፈኑ። የተጋገረውን በናፍታና በብሩሽ አርጥቦ 15 ደቂቃ መተው፣ መፋቅ፣ በኦሞና በለብታ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ። በደረቀው ላይ የሕፃን ፓውደር ነስነስ ይደረግበት፤ ዘይት በወጣበት ቦታ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ተስሎ ይታያል።

ሞተሩን ለ15 ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አስነስቶ በእጅ ባትሪ ማየት ነው። ካልታየ ጭነት ይዞ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ነድቶ እንደገና ማየት። ከላይ ወደ ታች ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ የቫልቭ ክዳኑ ጋስኬት፣ በተለይ የኋላ ጥጎቹ፤ የተርቦ ዘይት ማስገቢያና መመለሻ ቱቦ፤ የዘይት ማቀዝቀዣውና የፊልትሮው መቀመጫ፤ የዘይት ግፊት ሴንሰር፣ ይኸኛው አንዳንዴ በራሱ ሽቦ ውስጥ ስለሚያፈስ ሶኬቱን ነቅሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የኮምፕሬሰሩ ጋስኬትና የዘይት መስመሩ፤ የናፍታ ፖምፓው ኦ ሪንግ፤ የፊት ክዳንና የፊት ኦይል ሲል፤ በመጨረሻ ኮፓው። ከዲናሞው ጀርባ የፍሬን ቫኪዩም ፖምፓ በተገጠመባቸው አይሱዙዎች ወደ ፖምፓው ዘይት የሚወስደውና የሚመልሰው ጎማ ቱቦ በሙቀት ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ከሁሉ ቀድሞ ይታይ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያስወጣው ዘይት ግን ሞተሩ ከኋላ ያፈሰሰ ያስመስላል።

ዘይት ከተቀየረ በኋላ በድንገት የጀመረ ማፍሰስ ሁለት ቦታ ብቻ ይታይ። አንደኛው ከኮፓው ሥር አሮጌው ዘይት የሚወርድበት ቡሎን ሮንዴላ (ከቡሎኑ ሥር የሚገባው ቀለበት) ነው። የመዳብ ሮንዴላ አንዴ ከተጨፈለቀ ይጠነክራል፤ አዲስ ከሌለ እሳት ላይ እስኪቀላ አግሎ ማቀዝቀዝ መልሶ ያለሰልሰዋል። የአልሙኒየም ከሆነ አዲስ ብቻ። ሁለተኛው ፊልትሮው ነው፤ የድሮው ጎማ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ሁለት ጎማ ይደራረባል፣ ግፊቱ ከፍ ሲል ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተረጭቶ ያልቃል። መቀመጫው ይጠረግ፣ አዲሱ ጎማ ዘይት ይቀባ፣ ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ ዙር ይጥበቅ።

«የኮፓውን ቡሎኖች ቱቦ ሰክታችሁ አጥብቁ፣ በሲሊኮን ለጥፉ»

የኮፓ ቡሎን ብዙ ጊዜ በ12 ወይም በ13 ቁልፍ የሚፈታ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ነው። የሚችለው ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ነው፤ በ10 ቁልፍ የሚፈታው ከ8 እስከ 10። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው የመመሪያው ይቀድማል። ቶርክ ቁልፍ ለሌለው ሰው 20 ኒውተን ሜትር ማለት 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል ማሳረፍ ነው። ያው 10 ኪሎ በ1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲያርፍ 100 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ቡሎኑ ይበጠሳል ወይም የባንኮውን (የሞተሩን ዋና አካል) ጥርስ ይዞ ይወጣል። ባይበጠስም የቆርቆሮ ኮፓ በየቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ ይጎደጉዳል፤ ጋስኬቱ በቡሎኑ ሥር ይጨፈለቃል፣ በሁለት ቡሎን መካከል ደግሞ ይላላል። ዘይቱም በዚያ ይወጣል። በጠበቀ ቁጥር የሚብሰው ለዚህ ነው።

ትክክለኛው ሥራ ኮፓውን አውርዶ ጠርዙን ቀጥ ባለ ብረት መፈተሽ ነው። ከጎደጎደ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጦ ጋስኬቱ በሚያርፍበት ገጽ በኩል በትንሽ መዶሻ ማስተካከል ይቻላል። የድሮው ጋስኬት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳ፤ አልሙኒየም ላይ ብርጭቆ ወረቀት አይሂድ፣ የጫረው መስመር ራሱ ማፍሰሻ ይሆናል። የመጨረሻው ጠረጋ በቲነር ወይም በቤንዚን ይሁን። በናፍታ የተጠረገ ብረት ላይ ስስ ቅባት ስለሚቀር ሲሊኮን አይይዝም፤ ብዙ ሰው ሁሉን በትክክል ሠርቶ የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው።

የቡሽ ወይም የጎማ ጋስኬት ያለው ኮፓ ሲሊኮን አያስፈልገውም፤ የፊት ክዳኑና የኋላ መያዣው ከባንኮው በሚገናኙባቸው ጥጎች ላይ ብቻ ጠብታ ያህል ይበቃል። ከፋብሪካ በፈሳሽ ጋስኬት ብቻ የሚገጠሙ ኮፓዎችም አሉ። በእነሱ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ያልተቋረጠ መስመር፣ ከቡሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ይደረግ፤ ቆዳ ሳያበጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኮፓው ይገጠም። ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጥበቁ። ሲሊኮን የሚደርቀው በአየር እርጥበትና በሙቀት ነው፤ 24 ሰዓት ለመደበኛ ሙቀት የተሰጠ ነው። በደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

የበዛው ሲሊኮን የት ይሄዳል? ግማሹ ወደ ውጭ ይጨመቃል፣ ያ የሚታየው ነው። ግማሹ ወደ ውስጥ ይጨመቅና በትል መልክ ይንጠለጠላል፣ ሲደርቅ ተቆርጦ ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል፣ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ፖምፓው ዘይት ያጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ብሮንዚና ይቃጠላል። ከውጭ ዙሪያውን መለጠፍ ደግሞ ከነጭርሱ የማይይዝ ነው፤ ከሥሩ ዘይት እየገፋ ስለሆነ ይላጣል።

«የሚያንጠባጥበውን መተንፈሻ ድፈኑት»

እባካችሁ ይህን ማንም እንዳያደርግ። ጸሐፊው ጣርማበር ላይ ስለ ግፊት ከተናገሩ በኋላ ግፊቱ የሚወጣበትን ብቸኛ በር መዝጋት መምከራቸው እርስ በርሱ ይጋጫል። መተንፈሻው ሲደፈን ጋዙ ደካማ ቦታ ይፈልጋል፦ የመለኪያ ዘንጉን ያስፈነጥራል፣ የፊትና የኋላ ኦይል ሲሎችን ከንፈር ይገለብጣል። ተርቦ ባለው ሞተር ጉዳቱ ይከፋል። የተርቦው ዘይት ወደ ኮፓ የሚመለሰው በክብደቱ ብቻ ነው፤ የሞተሩ ሆድ ግፊት ካለው መመለስ ያቅተውና በተርቦው ማኅተም ወደ አየር ማስገቢያው ያልፋል። ሰማያዊ ጭስ ይጀምራል። ሲከፋ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ዙሩን ከፍ ያደርጋል፤ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም፣ አየር ካልተዘጋበት በቀር።

መተንፈሻ የሚያንጠባጥበው በምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዘይት በዝቶ ከሆነ። መለኪያው ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ ይታይ። ደብረ ሲና ላይ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ዞሮ ነው የሚያድረው፤ እዚያ የተለካ ዘይት ጎደለ ተብሎ ሲጨመርበት ከልኩ ያልፋል። ሁለተኛ፣ የመተንፈሻው ማጣሪያ ተደፍኖ ከሆነ፦ አውልቆ በናፍታ ማጠብና በአየር መንፋት። ሦስተኛ፣ ፋሻ አልቆ ከሆነ። ለዚህ ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ገልብጦ ቀዳዳው ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። ትንሽ መንቀጥቀጥ ጤና ነው፤ ተገፍቶ ከወደቀ ጋዙ በዝቷል። በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ በ«ዩ» ቅርጽ አጥፎ፣ ግማሹን ውሃ ሞልቶ፣ አንዱን ጫፍ የመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ ላይ አየር እንዳያስወጣ ይግጠም፤ የሁለቱ ውሃ ከፍታ ልዩነት በሚሊ ሜትር ይለካና ከሞተሩ መመሪያ ጋር ይነጻጸር። ይህ ሳይለካ ኦይል ሲል መቀየር አዲሱንም ማስገልበጥ ነው።

በብርድ ጠዋት ክዳኑ ሥር የሚታየው ነጭ አረፋ ሁልጊዜ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ሄዷል ማለት አይደለም። አጭር ጉዞ ብቻ የሚሠራ መኪና ውስጥ የሚጠራቀም እርጥበት ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለና ከረጅም ጉዞ በኋላ አረፋው ከጠፋ ሥጋት የለም።

«ከፍሪሲዮን ቤት ሥር ከታየ የኋላው ኦይል ሲል ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ግን ካምቢዮ ማውረድ የቀን ሥራ ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ወደዚያ ይወርዳሉ። የካምቢዮው የፊት ኦይል ሲልም እዚያው ያፈሳል፤ ቀለሙና ሽታው ይለየዋል። ከፍሪሲዮን ቤቱ በላይ ያለው የባንኮ ጀርባ ደረቅ ሆኖ ከውስጥ ብቻ ከወጣ ያኔ ይውረድ።

ከወረደ በኋላ ኦይል ሲል ብቻ ለውጦ መግጠም ግማሽ ሥራ ነው። ቮላኖው (ከክራንክ ሻፍቱ ጫፍ የታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ይነሳ፣ ሲሉ የሚቀመጥበት የክራንክ ሻፍቱ ገጽ ይጠረግ፣ ጥፍር ይሂድበት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ሲልም ያፈሳል። መፍትሔው ስስ የመጠገኛ ቀለበት በላዩ ማልበስ ነው፤ ቦታ ካለ ደግሞ አዲሱን ሲል ከድሮው መስመር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቅ አድርጎ ማስቀመጥ። ተራ የጎማ ከንፈር ያለው ሲል ከንፈሩ ዘይት ይቀባል፤ የቴፍሎን ከንፈር ያለው ግን ደረቅ ሆኖ በደረቅ ሻፍት ላይ ይገጠማል፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊትም ጥቂት ሰዓት ይሰጠዋል። ሁለቱን ማቀላቀል አዲስ ሲል በሳምንቱ የሚያፈስበት አንዱ ምክንያት ነው። ሲሉ ዙሪያውን እኩል ይግባ፤ በመዶሻ አንድ ጎን ቀድሞ ከገባ ከንፈሩ ይጣመማል። ፍሪሲዮኑ ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ሲሉን ብቻ ቀይሮ ማሰር አያዋጣም። ዘይት የነካው ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ይንሸራተታል፤ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድም በማርሽ መያዝን ያዳክማል። እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሹፌሩ ከፍሬኑ ባልተናነሰ የሚተማመነው በማርሽ ነው።

«ጥቂት ጠብታ አያሳስብም»

ጥቂት ስንት ነው? ከ20 እስከ 30 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሞላል። በሰከንድ አንድ ጠብታ በሰዓት 3,600 ጠብታ፣ ማለትም ከ120 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ነው። የ8 ሰዓት መንገድ ከ1 ሊትር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ኮፓው ጠርዝ ላይ ላብ መሰል እርጥበት ብቻ ካለ እውነትም አያስቸኩልም፤ ጽፎ መያዝና በየሳምንቱ ካርቶን አንጥፎ ማወዳደር ይበቃል።

ከመጠኑ በላይ ግን ቦታው ይወስናል። የሞተር ዘይት ብልጭታ የሚይዝበት ሙቀት 220 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዳገት ላይ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ከኮፓ የሚወርድ አሥር ጠብታ መሬት ያቆሽሻል፤ ከተርቦው ማስገቢያ ቱቦ ማኒፎልድ ላይ የሚያርፍ አንድ ጠብታ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከተርቦው፣ ከፊልትሮው ወይም ከግፊት መስመር የሚወጣ ዘይት ያለበት መኪና፣ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ተጭኖበትም ቢሆን፣ ቱቦው ሳይቀየር ዳገቱን መጀመር የለበትም።